የእንግዶቹ ማር

“ክዳኑን መልሺው! አትንኪው አላልኩሽም?”

ልብስ ሰፊዋ በአንድ እጇ የቀፎውን ክዳን፣ በሌላው ጭስ ማጨሻውን እንደያዘች ዞር አለች። አስተባባሪው መኪና ማቆሚያውን ከጓሮው ከሚለየው የሽቦ አጥር ማዶ ቆሟል። ከዚያ አጥር አልፎ አያውቅም፤ ንብ ይፈራል። ቀፎ የሚያድል ሰው ንብ መፍራቱ በመሥሪያ ቤቱ ማንንም አስገርሞ አያውቅም። የእሱ ሥራ ማደል ነው፤ መነደፍ የተቀባዩ ድርሻ ነው።

ሴቶቹ እሱ በሌለበት “አቶ በርቱ” ይሉታል። የቤት ኪራይ ተጨመረብን ቢሉት፣ ልጅ ታመመብን ቢሉት፣ መልሱ “በርቱ!” ነውና።

“ጠዋት ስለሚረጋጉ ልያቸው ብዬ ነው ጋሼ፤” አለችው።

“ምኑን ነው የምታዪው? አንቺ አይተሽዋል፣ እኔም አይቻለሁ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊም በፎቶ አይተውታል። ረፋዱ ላይ እንግዶቹ ይመጣሉ። ክዳኑ የሚነሳው ያኔ፣ ካሜራ ፊት ነው። አሁን ነካክተሽ ብታናድጂያቸው ማን ሊጠጋልሽ ነው?”

ልብስ ሰፊዋ ክዳኑን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ከላይኛው ሳጥን ንቦቹ ሰም ከሚሠሩባቸው የእንጨት ፍሬሞች አንዱን በቀስታ መዘዘች። ከዳር እስከ ዳር በነጭ ሰም ተከድኗል። ሲያዩት ያምራል፤ አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ይመስላል። ከባድ ነው። ከዘጠኙ ፍሬሞች አንድም የሳሳ የለም። ፍሬሙን በሁለት እጇ ይዛ ወደ አጥሩ ስትሄድ አስተባባሪው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

“እዚያው ሁኚ! ከዚህ ይታየኛል።”

“ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ይኼ ማር አይደለም።”

“ምንድን ነው ታዲያ? ሳሙና ነው?”

“ስኳር ነው። እኔ የሰጠኋቸው ስኳር ነው። እስቲ ዙሪያውን ይዩት፤ አበባ የሚባል ነገር የታለ?”

አስተባባሪው ሳይወድ ዞር ዞር ብሎ አየ። መኪና ማቆሚያው፣ አቧራ የጠጡት ሦስት ዛፎች፣ የተዘጋው ፋብሪካ ግድግዳ፣ ከግድግዳው በላይ ደመና የሌለበት ሰማይ። ድርቁ ከገባ ቆይቷል። ሣሩ እንኳ ቀለሙን ጥሏል።

“ንብ ሩቅ ነው የምትሄደው፤” አለ። “ሥልጠናው ላይ አልነበርሽም?”

“ነበርኩ። አበባ ሲጠፋ ስኳር በጥብጣችሁ ስጡ ሲሉ ሰምቻለሁ። መቼ አቁሙ እንዳሉ ግን አልሰማሁም።”

የሆነው ይኸው ነበር። የልብስ ፋብሪካው ሲዘጋ ሠራተኞቹን ሰብስበው “ከእንግዲህ ከጠባቂነት ተላቃችኋል” አሏቸው። ከእንጀራቸው ላይ ያነሷቸው ሰዎች ነፃ ያወጧቸው ያህል ቆመው አጨበጨቡ። ቀጥሎ ሥልጠና መጣ፤ ከሥልጠናው ጋር ራስን መቻል የሚል ቃል መጣ። ይህን ቃል አጥብቀው የሚወዱት፣ እነሱን ራሳቸውን ሌላ ሰው የሚችላቸው ሰዎች ናቸው፤ ሾፌር፣ ነዳጅ፣ አበልና ቤት ተችሏቸው ሌላውን ራስህን ቻል ይላሉ። ለሴቶቹ ቀፎ ተገዛ። ቀፎዎቹ ግን ዛሬም መጋዘን ውስጥ ናቸው፤ ቢጫ ቀለም ተቀብተው፣ ተደራርበው፣ አንዲት ንብ ሳትገባባቸው። መጀመሪያ አንድ ቀፎ ከነንቡ ለአንዲት ሴት ይሰጥ፣ ውጤቱ ይታይ፣ ውጤት ከተገኘ ለቀሩት ይከፋፈል ተባለ። አንዷ ልብስ ሰፊዋ ሆነች። የሥልጠናውን የፊት መሸፈኛ ሁሉ ከመጋረጃ መረብ ሰፍታ በነፃ ስለሰጠች ነው ይላሉ።

ስህተቱ ደግሞ የራሷ ነው። መንጋው ገና ሲጠናከር የላይኛውን ሳጥን ጨመረችበት። አሠልጣኙ ሳጥን የሚጨመረው አበባ ሲመጣ ነው ብሎ ነበር፤ እሷ ግን ባለ አንድ ሳጥን ቀፎ ዓይኗን አልሞላላትም፤ ፎቅ ያለው ቤት እንዲመስል ፈለገች። ከዚያ ስኳር መስጠት ጀመረች። የሰፈሩን ዳቦ ቤት ሽርጦችና የዱቄት ጆንያዎች እየጠቀመች ባለቤቱ በስኳር ይከፍላት ነበር። ንቦቹ የሰጠቻቸውን ሁሉ ሲጨርሱላት ራበኝ ብሎ ሳህኑን መልሶ የሚዘረጋ ልጅ ያላት እናት ሆነች፤ ጨመረች፣ ደግሞም ጨመረች። እነሱ ግን መብላቱን ትተው ወደ ላይኛው ሳጥን እያጋዙ ያስቀምጡት ነበር። አንድ ቀን ሳጥኑን ልታነሳ ስትል አልነሳ አላት። እንዲህ ነው የሞላው።

ያኔ ፍሬሙን ይዛ ወደዚሁ አጥር መጥታ ነበር፤ ምን እንደተፈጠረ ልትጠይቅ። አስተባባሪው ነጩን ሰም ሲያይ “ነጭ ማር!” ብሎ ጮኸ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ። ከጥጉ በጣቷ ፍቃ በአጥሩ ቀዳዳ ስታቀብለው ላሰውና ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ልትናገር አፏን ስትከፍት እሱ ስለ ዘበኛው ክፍል አነሳ። ከጓሮው ጥግ ዘበኛው ከወጣ ጀምሮ የተዘጋ፣ መስኮትና ቆርቆሮ ጣራ ያለው ክፍል አለ። “አርአያ የሆነች ንብ አንቢ እዚሁ ብትኖር ለጥበቃም ይበጃል፤ እኔ አስፈቅዳለሁ” አለ። ልብስ ሰፊዋ አፏን ዘጋች። ከዚያን ቀን ወዲህ በየቀኑ አፏን ለመክፈት ትሞክራለች፤ በየቀኑ ይበልጥ ይከብዳታል።

ዛሬ ግን ከፈተችው። ከፍታም ምንም አልሆነም።

“ስሚኝ፤” አለ አስተባባሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “አንቺ ስኳር ሰጠሽ። እነሱ በሆዳቸው አሳለፉት፣ አሸጉት፣ ከደኑት። ንብ ያሸገው ሁሉ ማር ነው። ይኼ ምርት ይባላል።”

“ምግባቸው ነው እንጂ! አበባ እስኪመጣ የሚበሉት ይኸው ብቻ ነው። ታች፣ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ሳጥን ውስጥ፣ ምግብ የለም ማለት ይቻላል። ይኼን ከቆረጥንባቸው ወይ ያልቃሉ ወይ ጥለው ይኮበልላሉ።”

“እንደገና ስኳር ትሰጫቸዋለሽ።”

“ከየት?”

“መሥሪያ ቤቱ ይገዛል። በሚቀጥለው በጀት ይያዛል።”

“ጋሼ፣ ንብ በጀት ይጠብቃል?”

አስተባባሪው ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ሰበሰበ። “እኔን ስሚኝ። እነዚያ ሴቶች ቀፎ የሚወስዱት ዛሬ ማር ከታየ ነው። ካልታየ ፕሮግራሙ ተዘጋ። መጋዘኑ ውስጥ ያሉት ሳጥኖች ለማገዶ ይሸጣሉ። ያ ክፍልም የመኪና ጎማ ይሞላበታል። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፤ የሆነውን ነው የምነግርሽ። በርቺ! ሂጂና ነጩን ቱታ ለብሰሽ ነይ።”

ፍሬሙን መልሳ አስገባች፤ ክዳኑን ገጠመች።

ቱታው ቤት ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ቤት ማለት የታላቅ ወንድሟ ቤት ነው። ኮሪደሩ ላይ፣ በኩሽናውና በመታጠቢያ ቤቱ መሃል፣ አንድ ፍራሽና አንድ መጋረጃ የእሷ ናቸው። ማታ መታጠቢያ ቤት የሚሄድ ሁሉ በእግሯ በኩል ያልፋል። የስፌት መኪናዋ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ቴሌቪዥኑን ተሸክሟል። እንድትሰፋ ቴሌቪዥኑ መነሳት አለበት፤ ቴሌቪዥኑ እንዲነሳ ወንድሟ ከቤት መውጣት አለበት፤ ወንድሟ ደግሞ ጡረታ ወጥቷል። ማንም በዚያ ቤት መኪናሽን እንከልክልሽ ብሎ አያውቅም። ብቻ ቴሌቪዥኑ ሌላ ቦታ የለውም።

የወንድሟ ሚስት ማሰሮ የሚያህል ባዶ የፕላስቲክ ዕቃ ይዛ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

“ይኸው አጥቤልሻለሁ። እስከ አፉ እንድትሞይልኝ። ለአለቃዬ ቃል ገብቻለሁ። ነጭ ማር ስላት ፊቷ እንዴት እንደበራ ብታዪ! ዓመቱን ሙሉ ስታኮርፈኝ የከረመች ሴት ‘እህቴ’ አለችኝ።”

“እትዬ፣ ማሩ ገና ነው።”

“ምኑ ነው ገና? ዛሬ ይቆረጣል ብለሽ አይደል ቱታውን ያሳጠብሽኝ?”

“እኔው ነኝ ያጠብኩት።”

“ያው ነው። ሳሙናው የማን ነው?” አለችና ራሷ ሳቀች። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ጎተት አድርጋት በለሆሳስ ተናገረች። “ስለ ክፍሉስ ምን አሉሽ? እንዳይመስልሽ፤ እኔ ውጪ ብዬሽ አላውቅም። ብያለሁ?”

“አላልሽም።”

“አልልምም። ግን ልጁ ጎረመሰ። ሌሊት ሲነሳ አንቺን ላለመርገጥ ግድግዳ ለግድግዳ እየታከከ ነው የሚሄደው። እሱም ያፍራል፣ አንቺም ታፍሪያለሽ።”

“አሁን አሁን እንኳ ይዘለኛል፤” አለች ልብስ ሰፊዋ። “ጥሩ ዝላይ ነው ያለው።”

ሁለቱም አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። ለአንድ አፍታ ጓደኛሞች መሰሉ። ቀጥሎ የወንድሟ ሚስት የፕላስቲኩን ዕቃ ብብቷ ሥር አስገባችላትና “አደራ፣ እስከ አፉ” አለቻት።

ወንድሟ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ ከሳሎን ተጣራ። “ዛሬ በቴሌቪዥን ትታያለሽ አሉ?”

“እንጃ ወንድምዬ።”

“ስትታዪ አስቀድመሽ ንገሪን። እንዳያመልጠን።”

ወንድሟ ሰላም የሚወድ ሰው ነበር። ሰላም ማለት ደግሞ ለእሱ ሁለቱ ሴቶች እሱ በማይሰማበት ኮሪደር መነጋገራቸው ነው። ልብስ ሰፊዋ ቱታውን ለብሳ በሳሎኑ በኩል ስታልፍ በገዛ የስፌት መኪናዋ ላይ በተቀመጠው ቴሌቪዥን ውስጥ ሆና ለቤተሰቡ ስትስቅ በሐሳቧ ታያት። 

በመንገዱ ላይ አማራጮቿን ደጋግማ አገላበጠቻቸው። ብትናገር ሴቶቹ ቀፎ አያገኙም፣ እሷም ክፍሉን ታጣለች። ዝም ብላ ብትቆርጥ ክፍሉን ታገኛለች፣ ግን ባዶ ቀፎ የምትጠብቅ ሴት ሆና፤ ንብ የሌላት ንብ አንቢ። ከዚያስ? በሚቀጥለው ዓመት እንግዶቹ ሲመለሱ ምን ታሳያቸዋለች? ሌላ ስኳር። የትኛውን በር ብትገፋ የሚከፈተው ወደዚያው ኮሪደር ነው።

የጓሮው መግቢያ ላይ ሴቶቹ ተሰብስበዋል። የቀድሞ የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ ቆራጮች፣ ሰፊዎች፣ አሻጊዎች። ሁሉም ጎድጓዳ ሳህን ይዘዋል፤ ማሩን የምትቀበሉበት ዕቃ ይዛችሁ ኑ ተብለው። ከፊት የቆመችው ካውያ የሚሏት ናት። ፋብሪካው ውስጥ ልብስ ስትተኩስ የኖረች፣ ክንዷ በእንፋሎት ጠባሳ የተዥጎረጎረ፣ ንግግሯም እንደ ሥራዋ የሚያቃጥል ሴት ናት።

“ሙሽራዋ መጣች!” አለች ካውያ ነጩን ቱታ አይታ። “ፊቷን ሸፍኑላት፣ ሙሽራው እንዳያያት!”

ሴቶቹ ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ ካውያን በክንዷ ይዛ ወደ ዳር ወሰደቻት። ሁሉንም ነገረቻት፤ የላይኛውን ሳጥን፣ ስኳሩን፣ አስተባባሪው ያለውን። ካውያ ሳታቋርጣት ሰማች። ካውያ ሰው ሳታቋርጥ መስማቷ ራሱ ደግ ምልክት አልነበረም።

“ጨረስሽ?” አለች በመጨረሻ።

“ጨረስኩ። ምን ላድርግ?”

“እኔን ነው የምትጠይቂኝ? እኔን? ታዲያ ልንገርሽ። ዝም ትያለሽ። ዛሬን ብቻ። እኛ ሳጥናችንን ተሸክመን ከዚህ በር ስንወጣ፣ ነገ ከፈለግሽ ማማ ላይ ወጥተሽ ስኳር ነው ብለሽ ጩኺ።”

“ንቦቹ ያልቃሉ።”

“ንቦቹ!” ካውያ ሳህኗን ጉልበቷ ላይ አጋጨችው። “እኔ ከፋብሪካው ስባረር ማን ነው ያልቃሉ ያለልኝ? ሁለት ልጆች ይዤ የሰው ልብስ በየቤቱ እየዞርኩ ነው የምተኩሰው። አያምኑኝም፤ አንዷ እመቤት በር ላይ ቦርሳዬን ትፈትሻለች። አንቺ ሳጥን አግኝተሻል። ሳጥን ያገኘ ሰው ነው ህሊና የሚያወጣው። እኛም ሳጥን ይሰጠንና ህሊናችንን እናያለን!”

 ካውያ የተናገረችው ትክክል ነበር። ከላይ ያሉት ሰዎች ጥቂት ሳጥን ወርውረው ዞር ሲሉ ከታች ያሉት እርስ በርስ ዓይን ለዓይን መተያየት ያቅታቸዋል። በዚህ ጥበብ ሥልጠና የሚሰጥበት ቦታ የለም፤ አለቆች ግን ሁሉም ያውቁበታል።

“ደግሞ፤” አለች ካውያ ቀስ ብላ፣ “ክፍል ሊሰጡሽ እንደሆነ ሰምተናል። አልነገርሽንም።”

ልብስ ሰፊዋ የፊት መሸፈኛዋን ዝቅ አደረገች።

እንግዶቹ ሁለት መኪና ሆነው መጡ። ኃላፊዋ ጥቁር መነፅር ያደረጉ፣ ረጅም፣ እጅ ሲጨብጡ የሰውን ስም የማይጠይቁ ሴት ናቸው። ከእሳቸው ጋር ገንዘብ የሚሰጠው ድርጅት ሰዎች፣ አንድ ካሜራ ያዥና ማይክሮፎን የያዘ ጎልማሳ አለ። አስተባባሪው ከአጥሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለፈ፤ ላብ በጆሮው ሥር ይወርዳል፤ ትከሻው ላይ አንዲት ንብ ባረፈች ቁጥር ዓይኑን እየጨፈነ “በርቱ፣ በርቱ” ይላል፤ ለማን እንደሚል አይታወቅም።

ኃላፊዋ ንግግር አደረጉ። ራስን መቻል ስላሉት ነገር ለረጅም ጊዜ ተናገሩ፤ አንድ ሰው ከኋላቸው ጃንጥላ ይዞ ፀሐይ ይከላከልላቸው ነበር። ሴቶቹ ሳህናቸውን ታቅፈው በፀሐዩ ላይ ቆመው ሰሙ። በመጨረሻም ኃላፊዋ ወደ ካሜራው ዞረው “ምርቱን በዓይናችን ስናይ የቀሩት ቀፎዎች ዛሬውኑ ለእነዚህ እናቶች ይታደላሉ” አሉ። ጭብጨባ ሆነ። ካውያ አላጨበጨበችም፤ ሳህኑን ይዛ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ጭስ አጨሰች። ክዳኑን አነሳች። ሙቀቱ ቱታው ውስጥ እንደ ምድጃ ሆኖባታል፤ ላቧ በጀርባዋ ሲወርድ ይሰማታል፤ በመረቡ ውስጥ ዓለም ሁሉ በጥቃቅን ቀዳዳ ተከፋፍሎ ይታያታል። አንዱን ፍሬም መዘዘች፤ ንቦቹን በብሩሽ ጠረገች፤ ለካሜራው አቀረበች። “ዋው!” አሉ እንግዶቹ። ከዳሩ በቢላ ቆርጣ በሳህን አቀረበች። ኃላፊዋ በጣታቸው ጫፍ ወሰዱ፤ ቀመሱ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ግሩም ነው። ለስላሳ ነው። ከምን አበባ የመጣ ነው?”

ማይክሮፎኑ ወደ መረቡ ተጠጋ።

“ከአበባ አይደለም። ስኳር ነው። አበባ የለም፤ እንዳይራቡ ስኳር ሰጠኋቸው፤ አጠራቅመው አስቀመጡት፤” አለች ልብስ ሰፊዋ።

የአስተባባሪው ፊት ተለወጠ።  ኃላፊዋ መነፅራቸውን አውልቀው አዩዋት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ያዩ ይመስል ነበር። ሞኝ ሴት አይደሉም፤ በደንብ ገባቸው። ወደ ካሜራ ያዡ ዞረው እጃቸውን ከፍ አደረጉ። “አጥፋው።” ካሜራው ጠፋ። ከዚያ በጣም በለሰለሰ፣ እናት ለልጇ በምትናገርበት ድምፅ ተናገሩ።

“ገባኝ የኔ ልጅ። ሐቀኛ ነሽ፤ እወድልሻለሁ። ግን ይኼ የሙያ ጉዳይ ነው፤ በኋላ ባለሙያዎች ይወያዩበታል። አሁን ከዚህ የሚሄደው መልዕክት ነው። ድጋሚ እንቅረጸው። ስጠይቅሽ ‘ከተለያዩ አበቦች’ በይ። ሁለት ቃል ነው።”

“እትዬ …”

“ሁለት ቃል። ሴቶቹን ተመልከቻቸው።”

ተመለከተቻቸው። አስተባባሪውም፣ የወንድሟ ሚስትም፣ ኃላፊዋም አንድ ነገር ነበር የሚሏት፤ ስለ ሌሎች ስትይ። ስለ እኔ ስትይ ብሏት የሚያውቅ ሰው በሕይወቷ አላጋጠማትም። ካውያ ከፊት ቆማለች። አትለማመጥም፣ ዓይኗንም አትሰብርም፤ ጠባሳ የሞላው ክንዷ ሳህኑን አጥብቆ ይዟል። 

ካሜራው በራ።

“ግሩም ነው! ከምን አበባ የመጣ ነው?” አሉ ኃላፊዋ፤ ገና አሁን የቀመሱት ይመስል።

“ከተለያዩ አበቦች፤” አለች ልብስ ሰፊዋ።

ጭብጨባው ከቅድሙ ይልቅ ደመቀ። የድርጅቱ ሰዎች እርስ በርስ እየተያዩ ፈገግ አሉ። አንደኛው “መጋዘኑን ይክፈቱላቸው እንጂ” አለ፤ ኃላፊዋም ለአስተባባሪው በዓይናቸው ምልክት ሰጡት፤ እሱም ቁልፉን ለአንዱ ሾፌር ወረወረለት። ሁለት ሴቶች ወዲያው ወደ መጋዘኑ ሮጡ። ልብስ ሰፊዋ የተናገረችው ውሸት ነው፤ ውሸቱም ሠራ፤ ይህን ያህል በቀላሉ መሥራቱ አናደዳት። እውነቱን ስትናገር ካሜራ ይጠፋል፤ ስትዋሽ መጋዘን ይከፈታል።

የተቆረጠውን ፍሬም ለሳህኑ ትታ ክዳኑን አነሳችና ቀፎውን ከደነች።

“ምን እየሠራሽ ነው?” አለ አስተባባሪው። “ስምንቱስ?”

“አንድ በቂ ነው ጋሼ።”

“በቂ አይደለም፤” አሉ ኃላፊዋ። “ሁሉም ሳህን ሞልቶ፣ እናቶቹ ከፍ አድርገው ይዘው፣ የመዝጊያው ምስል እሱ ነው። ቁረጪው እንጂ። ምን ይጎዳሻል?”

ልብስ ሰፊዋ ጓንቷን አየች። ንቦቹ በጣቶቿ ላይ ይርመሰመሳሉ፤ የተቆረጠችዋን ፍሬም ፍለጋ ዙሪያዋን ይዞራሉ።  ዞረች፣ ጀርባዋን ለቀፎው ሰጠች፣ በሁለት እጇ ክዳኑን ተደገፈችና ዘለል ብላ ላዩ ላይ ተቀመጠች። ቀፎው ወገቧ ድረስ ይደርስ ነበርና እግሮቿ ከመሬት ተነስተው ተንጠለጠሉ።

“ምን ማለት ነው ይኼ?” አለ አስተባባሪው።

“ቃሉን ሰጥቻችኋለሁ፤” አለች። “የምፈልገው ቃል ባይሆንም የእኔ ነበርና ሰጠሁ። ይኼ ግን የእኔ አይደለም። ምግባቸው ነው።”

“ተነሺ!”

“ያንሱኝ።”

አስተባባሪው አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። ንቦቹ ከጭሱ መለስ ብለዋል፤ ከመግቢያው እየወጡ ቱታዋን፣ ጉልበቷን፣ የፊት መሸፈኛዋን ሸፍነዋል፤ ጩኸታቸው ከቅድሙ ወፈር ብሏል። አንዷ ወደ አስተባባሪው ጆሮ በረረች። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ኃላፊዋ መነፅራቸውን መልሰው አደረጉ። ካሜራ ያዡ ይቅረጽ አይቅረጽ ግራ ገብቶት መሣሪያውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ቀረ።

“ክፍሉን እርሺው፤” አለ አስተባባሪው ከሩቅ፣ ሹክሹክታ በሚያህል ድምፅ። “ሰምተሻል? ዛሬ ጎማ አስገባበታለሁ።”

“ሰምቻለሁ።”

“ሳጥኖቹንም አስመልሳለሁ!”

በዚህ ጊዜ ካውያ ከሴቶቹ መሃል ወጣች። ወደ ልብስ ሰፊዋ ትመጣለች ብለው ሁሉም ጠበቁ፤ ልትጎትታት ይሁን ልትደግፋት ማንም አላወቀም። ልብስ ሰፊዋም አላወቀችም። ካውያ አጠገቧ አልደረሰችም፤ ቆማ ለአንድ አፍታ ቀፎው ላይ የተቀመጠችውን ሴት አየቻት፤ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ባዶውን ሳህን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ማንም ሳያስመልስ ሳጥኗን ልትይዝ ወደ መጋዘኑ በሩጫ ሄደች። የቀሩት ሴቶች ተከተሏት።

“የመጨረሻ ጊዜ ነው የምልሽ፤” አሉ ኃላፊዋ። “ተነሺ።”

ፀሐዩ አናት ላይ ደርሷል። ቱታው ሰውነቷ ላይ ተጣብቋል። ከበታቿ፣ በቀጭኑ እንጨት ውስጥ፣ የሺህ ክንፎች ንዝረት በጭኖቿ በኩል ይሰማታል። ከዚህ ወርዳ የምትሄድበት ቦታ እንደሌለ ታውቃለች፤ ያ ኮሪደር፣ ያ መጋረጃ።

“አበባ ሲያብብ ኑ፤” አለች ልብስ ሰፊዋ፣ እና ክዳኑ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ ተመቻችታ ተቀመጠች።